የአባ ደልድል ችካል

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተሰበሩ ወንበሮችንና ጠረጴዛዎችን ይጠግኑ የነበሩት አናጺው ጋሽ ውባንተ ናቸው። የአንድ ጠረጴዛ እግር በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው እየላጉ ጀመሩልኝ፤ እግሩ ሳያልቅ ታሪኩ አለቀ። እንዲህ ነበር ያሉት።

በአንድ ወቅት ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ የሚባሉ ሁለት መንደሮች በመካከላቸው ባለች አንዲት ምንጭ ምክንያት ሲጋደሉ ኖሩ። መቃብር የሚቆፍር ጎልማሳ እስኪጠፋ ድረስ ከተላለቁ በኋላ ሽማግሌዎቻቸው ተቀምጠው አንድ ሥርዓት አቆሙ፤ ከእንግዲህ ጦርነቱ በየሰባት ዓመቱ፣ በመጋቢት መባቻ፣ በገበታ ላይ ይሁን አሉ። በአንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ በጭቃ ኮረብታና ሸለቆ ይሠራል። በመካከሉ ውሃ የተሞላ የመዳብ ሳህን ይቀመጣል። ከየቤቱ አንድ አንድ፣ አውራ ጣት የሚያህል የእንጨት ወታደር ይመጣል። ፀሐይ ከገበታው ላይ ስትለቅ ሰንደቁ ከሳህኑ አጠገብ የተገኘለት መንደር የሰባት ዓመቱን ውሃ ይወስዳል። የተሸነፈው የተረፈ ካለ ይደርሰዋል፤ ከሌለ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ለእያንዳንዱ ጦር ደግሞ አንድ ግዙፍ አውሬ ይፈቀድለታል። አውሬው በምድር ላይ የሌለ ፍጥረት ነው፤ አካሉ የዝሆን፣ ቀንዱ የጎሽ፣ ቆዳው የአዞ፣ ቁመቱ የወታደሩ ስምንት እጥፍ። ሲራመድ ሦስት ስንዝር ይሄዳል። ይቅርታ፣ ሦስቱ የፈረሰኛው ነው፤ የአውሬው ሁለት ስንዝር ብቻ ነው። ነገሩ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው ያረምሁት።

አውሬ ለጦር ግርማም ነው፣ ሥጋትም ነው። ሦስት ጊዜ ከቆሰለ የገበታው ዳኛ ዛጎል ይወረውራል። ዛጎሏ በሆዷ ካረፈች አውሬው ይጸናል። በጀርባዋ ካረፈች ግን ይደነብራል፤ ሲደነብር ወገን ወይም ጠላት ሳይል ከሁሉ የቀረበውን ይረግጣል። ስለዚህ በማጅራቱ ላይ አንዲት ችካል ትሰካለታለች። አውሬው ከመደንበሩ በፊት የባለቤቱ ቤተሰብ ችካሏን ከነቀለ አውሬው በቆመበት ይወድቃል፤ ሬሳውም እንደ ኮረብታ ተቆጥሮ ፀሐይ እስክትለቅ ማንም አያነሣውም። ችካል የነቀለ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ገበታ አይቀርብም።

በዚያ ዓመት የወዲህ ማዶን ጦር ያሰለፈው የወይዘሮ አትጠገብ ቤት ነበር። ከሰባት ዓመት በፊትም ባላቸው ነበሩ ያሰለፉት፤ አውሬያቸው ደንብሮ የገዛ ሰንደቃቸውን ረገጠ፤ መንደሩም ተሸነፈ። ባልየው ክረምቱን ሳይሻገሩ ሞቱ። ሥርዓቱ «ያፈሰሰ ቤት መልሶ ይቅዳ» ስለሚል፣ ገበታው ለሦስቱ ልጆቻቸው ደረሰ። ወይዘሮ አትጠገብ ያን ዕለት ከቋጥኙ ጥግ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት ዳር ክር በክር ሲፈቱ ዋሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ በውሃ ወረፋ ላይ ሰው ሰላምታ ሲነሣቸው ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ከተሸነፉ ወረፋውም አይኖርም።

ስማቸው የሚባለው የበኩር ልጅ ስጦታ በእጁ ላይ ነበር። «ቤት ያላቆመ እንጨት ጦር አያቆምም» ይባላልና፣ አውሬ የሚቀረጸው ቤት ካቆመ ምሰሶ ብቻ ነው። የእናቱ ቤት ምሰሶ ባለፈው ሽንፈት ከአውሬው ጋር ተቃጥሏል። ስማቸው ለፋሲካ ሊያገባ አዲስ ጎጆ ሠርቶ ነበር፤ የጎጆውን ምሰሶ ነቅሎ አወጣ። የእጮኛው አባት መጥተው፦

«ምሰሶ በሌለው ቤት ልጄን አላስገባም» አሉት።

«ውሃ በሌለው አገርስ ሊያስገቧት ኖሯል?» አላቸው።

ሠርጉ ፈረሰ። ስማቸው አርባ ቀን ቀረጸ፤ አውሬውንም አባ ደልድል አለው። የግራ እግሮቹን በፀጉር ያህል አሳጠራቸው፤ ለምን ብለው እናቱ ሲጠይቁት «መውደቁ ካልቀረ የሚወድቅበትን እኔ ልምረጥለት» አለ።

የመካከለኛዋ የባንቺአምላክ ስጦታ በዓይኗ ላይ ነበር፤ ጦሩን የምታሰልፈውም እሷ ነበረች። በገበታው ሕግ አስቀድሞ መለካት ክልክል ነው፤ «ከዚህ እስከዚያ» ብለው ከተናገሩ በኋላ ነው ገመድ የሚዘረጋው። በጥፍር ያህል የተሳሳተ ሰው አውሬው ሜዳ ላይ ተጋልጦ ይቀራል። የወዲያ ማዶው አሰላፊ አያ ላቀው አውሬውን በማለዳ፣ ከበሮ እያስመታ አወጣው። ባንቺአምላክ ቀስተኞቿን ሁሉ በእሱ ላይ አዞረች፤ ረፋድ ላይ ደነበረ፤ የገዛ ጦረኞቹን ረግጦ ወደቀ። እሷ ግን አባ ደልድልን ከኮረብታው ጀርባ ደብቃ ወታደሮቿን አንድ በአንድ አስረገፈች። የወደቀ ወታደር እሳት ውስጥ ይጣላል፤ እያንዳንዱም የአንድ ቤት ስም አለበት። ጎረቤቶቿ የቤታቸው ስም ሲቃጠል እያዩ ጮሁባት። «ፈሪ!» አሏት። ልክ አይደለሁም፤ ፈሪ ያላት የለም፤ ያሏት ከዚያ የባሰ ነበር።

«አንቺ ባንቺ፣ ለማን ልታወርሺው ነው?»

«ለሠርጓ ነው የምታስቀምጠው፤ የወንድሟ ሲፈርስ አየች!»

«አውሬ ቀድሞ ከታየ የቀስት ማረፊያ ነው» አለችና ዓይኗን ከገበታው ሳታነሣ ቀጠለች። እናቷ ግን አዩዋት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

ፀሐይ ልትለቅ አራት ጣት ያህል ሲቀራት ሦስት ወታደሮቿ ሰንደቁን ይዘው በሁለት ኮረብቶች መካከል ባለው በር ሾልከው ሳህኑ አጠገብ ደረሱ። የአያ ላቀው ፈረሰኞች ሊከተሏቸው ተነሡ። ያን ጊዜ ባንቺአምላክ ቆማ «አባ ደልድል፣ ከዚህ እስከ በሩ» አለች። ገመዱ ተዘረጋ። ሁለት ስንዝር፤ ፀጉር አልጎደለ፣ ፀጉር አልተረፈ። አውሬው በሩን ሞላው። ሲጮህባት የዋለው ሕዝብ እልል አለ።

እልልታው ሳይበርድ አያ ላቀው የቀሩትን ቀስተኞች ሁሉ አዞረበት። አንድ ቆሰለ፤ ሁለት፤ ሦስት። ዳኛው አባ ጥጋቡ ዛጎሏን ከከረጢት አወጡ። ወይዘሮ አትጠገብ ጥለታቸውን ለቀው ቋጥኙን ጨበጡ። ይህችን ሰዓት ያውቋታል፤ ከሰባት ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር፣ ከባላቸው ትከሻ ጀርባ ሆነው።

የታናሹ የአንሙት ስጦታ ምን እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት እናቱም አያውቁም ነበር። ደፋር ነበር ልል ነበር፤ አይደለም፤ ፈሪ ነበር። ፍርሃቱ ግን ዓይን ነበረው፤ ክፉውን ነገር ከሰው ቀድሞ ያይ ነበር። ገበታውንም ከሦስቱ አብልጦ የሚወደው እሱ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በድንጋይ ጠጠር ሲለማመድ ኖሯል፤ በሚቀጥለው ተራ የሚያሰልፈው እሱ እንደሆነ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛጎሏ ከዳኛው እጅ ወጥታ ገና በአየር ላይ ሳለች አንሙት እጁን ዘረጋ።

«አትንካው!» ብላ እኅቱ ጮኸች።

ችካሏን ነቀላት። አባ ደልድል ወደ ግራ ተንጋደደ፤ ቀስ ብሎም በሩ ላይ እንደ መዝጊያ ተጋደመ። ዛጎሏ የሳህኑን ጠርዝ ነክታ ነጠረች፤ በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥም ገብታ ቀረች። ፈረሰኞቹ ከሬሳው ማዶ ቆሙ። ፀሐይም ከገበታው ላይ ለቀቀች።

ወዲህ ማዶ አሸነፈ።

ጭንቀቱ ግን ያን ጊዜ ጀመረ። በሥርዓቱ መሠረት ያሸነፈ አውሬ ባለቤት አልባ አያድርም። ጀምበር ከመጥለቋ በፊት የቤቱ እናት ከልጆቿ ለአንዱ ብቻ ታስረክበዋለች። የተረከበው ሰው ቦዩን በገዛ እጁ ይከፍታል፤ ሰባት ዓመትም ውሃውን ያከፋፍላል። የቀሩት አውሬውን በጣታቸው እንኳ አይነኩትም። ጀምበር ሳይረከብ ከጠለቀች ድሉ ይፈርሳል፤ ገበታውም እንደገና ይሰለፋል።

ወይዘሮ አትጠገብ አባ ደልድልን በነጠላቸው አቅፈው ቆሙ። ሦስቱ ልጆች ከፊታቸው ተሰለፉ።

«እማ፣ ቤቴ ነው ያቀፍሽው» አለ ስማቸው። «ወደ ግራ ባይወድቅ በሩ ክፍት ይቀር ነበር። የወደቀው እኔ እንዳዘዝሁት ነው።»

«ማንም በሩ ላይ ባያደርሰው የት ይወድቅ ነበር?» አለች ባንቺአምላክ። «ደግሞም ችካሏ መነቀል አልነበረባትም። ቢደነብር እንኳ የቀረበው የጠላት ፈረሰኛ ነበር፤ ከሰንደቃችን በጣት ውፍረት ይቀርባል። ቆጥሬዋለሁ።»

«እታለም፣ የቀረበው የእኛ ሰንደቅ ነው» አለ አንሙት። ችካሏ እስካሁን በመዳፉ ውስጥ ነበረች።

«ዓይኔ ተሳስቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። የአባታችንም ዓይን አያውቅም ነበር።»

አውሬው ከቆመበት ወድቋልና ርቀቱን መለካት አይቻልም፤ ዛጎሏም የለችም። ከሁለቱ ማን ልክ እንደነበረ የሚያውቅ ከእግዚአብሔር በቀር አልተገኘም።

«አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?» አሉት እናቱ አንሙትን።

«እኔ ምንም አልልም። ከእንግዲህ ገበታ አልቀርብም፤ ያ ይበቃኛል። ውሃው ግን ነገ ይፈሳል።»

ሕዝቡ ተከፋፈለ። አናጺዎቹ «ምሰሶ የሰጠ ይውሰድ» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ስድብ ችላ ያሰለፈች ትውሰድ» አሉ። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ወደ አንሙት አዩ። አንድ ሰው «ችካል የነቀለ እጅ ውሃ ይይዛል እንዴ?» ሲል አባ ጥጋቡ «ሕጉ ገበታ አይቅረብ ይላል እንጂ ውሃ አይያዝ አይልም» ብለው መለሱ። አያ ላቀው ፈረሰኞቹን ወደ ከረጢቱ እየሰበሰበ ሳቀ፦

«እናንተ ሰዎች፣ ያሸነፋችሁት እኛን ነው ወይስ እርስ በርሳችሁ? እንደገና ማሰለፍ ካማራችሁ እኛ ቅር አይለንም!»

ወይዘሮ አትጠገብ ጀምበሯን አዩ፤ ከተራራው ጫፍ አንድ ጣት ቀርቷታል። ለስማቸው ቢሰጡት ጎጆው ይቆምለታል፤ ሁለቱ ግን በድላቸው ላይ እንግዳ ይሆናሉ። ለባንቺአምላክ ቢሰጧት የዋለችበት ስድብ ይታጠባል፤ አንሙት ግን ዕድሜ ልኩን የከፈለው በከንቱ ነበር ማለት ነው። ለአንሙት ቢሰጡት ደግሞ የልጃቸውን ዓይን በአደባባይ ሐሰተኛ ማድረጋቸው ነው፤ የባላቸውን ስሕተት ዳግመኛ በእሷ ላይ መጻፋቸው ነው። ላለመስጠትም አይችሉም፤ ከጀርባቸው ሰባት ዓመት የተጠማ መንደር ቆሟል። አባ ደልድል በነጠላው ውስጥ ከበደባቸው። አንድ እርምጃ ተራመዱ።

ጋሽ ውባንተ እዚህ ላይ የጠረጴዛውን እግር ገልብጠው በአንድ ዓይናቸው ቀጥ ማለቱን አዩ። ለማን ሰጡ ብዬ ብጠይቃቸው «የሰማሁት እስከዚህ ነው» ብለው መላጊያቸውን አነሡ። እኔም የሰማሁት እስከዚህ ነው። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ከገዛ ጎጆው ምሰሶ አውሬውን ለቀረጸው፣ የጎረቤቶቿን ስድብ ችላ በሩ ላይ ላደረሰችው፣ ወይስ የሚወደውን ገበታ ትቶ ችካሏን ለነቀለው፣ አባ ደልድል ለማን ይገባል?

መልሱን ሳላገኝ አልጽፈውም ብዬ ሃያ ዓመት አቆየሁት፤ ሃያ ሁለት ነው፣ አሁን ቆጠርሁት። ዛሬ ሐሙስ፣ መጋቢት ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ መልሱን ሳላገኝ ጻፍሁት።