እስኪ ያጨበጨበ ይነሣ

ባለፈው ኅዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች በሆቴል አዳራሽ ለዓመታዊ ጉባኤ ተሰብስበው ነበር። መድረኩ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ልዑልሰገድ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተላከች አንዲት ታዛቢ አለች። ከሕዝቡ መካከል ደግሞ ደባልቄ የሚባል ሰው ተቀምጧል፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌሮችን ወክሎ የመጣ ነው። በቀኙ የሟች ጓደኛው የጥላዬ ሚስት ባንቺአየሁ አለች።

አባቶቼና እናቶቼ፣ ነገሩን ላስረዳችሁ። እነዚህ ሹፌሮች የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን አውጥተው ከዚህ ኩባንያ የቅድሚያ አክሲዮን ገዝተው ነበር። የቅድሚያ አክሲዮን ማለት፣ ኩባንያው ባተረፈ ቁጥር ከሌላው ባለአክሲዮን በፊት የተወሰነላችሁን የምታገኙበት ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቀርም። ባንቺአየሁ የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው በዚሁ ነበር።

ዘንድሮ ግን ቀረ። አከራይዋም «እስከ ገና ካልከፈልሽ ልቀቂ» ብሏታል።

ስንቱ እንዲህ ያለ ሰው በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ነበር መሰላችሁ?

«ቅድሚያችን የት ገባ?» ብሎ ጮኸ ደባልቄ። መጀመሪያ የጮኸው እሱ ነበር።

«ቅድሚያ ያሰለፋችሁን ለባዶ ሳህን ነው እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

አቶ ልዑልሰገድ ማይክራፎኑን መታ መታ አደረጉ። «ክቡራን፣ እኛ የወሰድንባችሁ ነገር የለም። የቅድሚያ አክሲዮን እንደ ተራው አክሲዮን እንዲቆጠር ዓምና እናንተው ወስናችኋል። እጅ ተቆጥሮ፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። የዘንድሮዋን ትንሽ ትርፍ ደግሞ ለመጠባበቂያ ይዘናታል።»

አዳራሹ ተናወጠ። «አልወሰንንም!» «ውሸት ነው!» አንዱ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። የሆቴሉ ጥበቃዎች ወደ በሩ ተጠጉ።

«ማን እጅ ቆጠረ? ተጨብጭቦ ነው ያለፈው!» አለ ከጥግ አንድ ጎልማሳ።

ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። «ማን አጨበጨበ? እስኪ ያጨበጨበ ይነሣ!»

ማንም አልተነሣም።

«እኔ መጸዳጃ ቤት ነበርኩ» አለ ያ ጎልማሳ።

«እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩት።»

«እኔ ውጭ ስልክ እያነጋገርኩ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ዓምና ያ አዳራሽ በጭብጨባ የተናጋ አዳራሽ ነው። ዘንድሮ ግን የነበረ ሰው ጠፋ!

ታዛቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁላችሁም ካልነበራችሁ፣ እጅ እንዳልተቆጠረ በምን አወቃችሁ?» አለች። «ውሳኔውን ላሳግድ የምችለው፣ በቦታው ነበርኩ፣ አይቻለሁ፣ ያደረግሁትም ይህ ነው የሚል ሰው ሲመሰክር ነው። ከሌለ እንደ ተጻፈው ይጸናል።»

ደባልቄስ?

ነበራ! ዓምና ከፊት ረድፍ ነበር። ሰብሳቢው ረጅም ነገር ያነባሉ፣ ከጓዳ የጥብስ ሽታ ይመጣል፣ ሰው ይቁነጠነጣል። «እንግዲህ በጭብጨባ ይጽደቅልን» ሲባል ምኑ እንደሆነ አልሰማም። እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ፤ ሲሾም እናጨበጭባለን፣ ሲሻር እናጨበጭባለን፣ ንግግር ሲያልቅ ስላለቀልን እናጨበጭባለን። ደባልቄ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። በሁለት እጁ ውስጥ የጓደኞቹ ሁሉ እጅ ነበረ። በውክልና የሰጠችው የባንቺአየሁ እጅም ነበረ። ምሳውን በልቶ ቤት ሲደርስም «ምንም አዲስ ነገር የለም፣ በሰላም አልቋል» ብሎ ነገራት።

አሁን ቢናገር፣ ለዚህ የዳረጋት ማን እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ቢል፣ ውሳኔው ይጸናል፤ ቤቷም ይሄዳል። እሱ ግን እንደ ተከበረ ይኖራል። ከእሷ ጋር ቆሞ ሌላውን «ሌባ!» እያለ ይኖራል።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? ቶሎ አትመልሱ።

ባንቺአየሁ ዘወር ብላ አየችው። «ደባልቄ፣ ያኔ አንተ እዚህ አልነበርክም እንዴ?»

«እ... ነበርኩ።»

«ታዲያ ንገራቸዋ! እንዳልተቆጠረ ንገራቸው እንጂ!»

አቶ ልዑልሰገድ ወረቀታቸውን ገለጡ። «መስካሪ ከሌለ ወደሚቀጥለው አጀንዳ...»

ደባልቄ ተነሣ። 

«እኔ አጨብጭቤአለሁ» አለ።

«አይ ጋሽ ደባልቄ!» አለ አንዱ። «ቅድም ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን ነበር?»

«በጥብስ ሸጥከን በለና!»

«አዎ» አለ ደባልቄ። «ምሳው ቶሎ እንዲደርስ ነው ያጨበጨብኩት። የተነበበውን አልሰማሁም። ግን እዚሁ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። እጅ አልተቆጠረም። የሚቃወም አለ ወይ ተብሎ አልተጠየቀም። የቅድሚያ አክሲዮን ያለን ሰዎችም ለብቻችን አልተጠየቅንም። እኔ ጀመርኩ፣ ሰው ተከተለኝ።»

«ይቀመጡ አባት፣ ይህ ስም ማጥፋት ነው!» አሉ ሰብሳቢው።

«ይናገሩ» አለች ታዛቢዋ። «በስምዎ ልጻፈው?»

«ጻፊው፣ ልጄ። በስሜ ይሁን።»

ከኋላ ወንበር ተንኳኳ። «እኔም አጨብጭቤአለሁ» አሉ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች። ከዚያ ሌላ ሰው። ቀስ በቀስ መጸዳጃ ቤት ነበርኩ ያለውም ተነሣ፤ አንገቱን ደፍቶ።

ባንቺአየሁ ግን ፊት ለፊቷን ነበር የምታየው። «በሰላም አልቋል ብለኸኝ ነበር» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

«ብዬሻለሁ።»

«ውክልናዬን መልስልኝ።»

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስትሰሙ በሰብሳቢው ተናዳችሁ አይደል? ተናደዱ፤ የሚያናድድ ነው። ያልተቆጠረውን ተቆጠረ ያለ ሰው ለእግዚአብሔር መልስ ይሰጥበታል። ግን እሱን ለእግዚአብሔር እንተወውና ወደ ራሳችን እጅ እንመለስ።

እኛ እዚህ ስንሰበሰብ አናጨበጭብም። እኛ የምንለው አሜን ነው። ካህኑ ይጸልያል፣ እኛ አሜን እንላለን። የበደሉንን ይቅር እንላለን ይባላል፣ አሜን! ከዚያ ከቅጥሩ ስንወጣ፣ ሰላምታ የነፈግነውን ጎረቤት ስናይ መንገድ እንቀይራለን። ምን ነበር ያጸደቅነው? ሰምተነዋል? ወይስ ቶሎ እንዲያልቅ ነው አሜን ያልነው?

ከመካከላችሁ የክርስትና አባት፣ የክርስትና እናት የሆናችሁ አላችሁ። ሕፃኑ አፍ የለውምና ስለ እሱ ሆናችሁ ሰይጣንን እክዳለሁ ብላችኋል። የሰው ነፍስ ውክልና ይዛችኋል! ያ ልጅ ዛሬ የት ነው? ስሙን ታስታውሳላችሁ? በሠርግ ምስክር ሆናችሁ የቆማችሁ፣ ያ ትዳር ሲናጋ የት ነበራችሁ?

ነገሩ ሲበላሽ ሁላችንም ውጭ ነበርን። ሁላችንም ስልክ ላይ ነበርን። ልጁ ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ትዳሩ ሲፈርስ ዘመኑ ነው፣ ሰፈሩ ሲበጠበጥ እነእገሌ ናቸው። እኛማ አልነበርንም!

አልነበርኩም የሚል ሰው ደግሞ ምንም ማቃናት አይችልም። ያን አዳራሽ የሞላው ቁጣ ሁሉ ከቃለ ጉባኤው አንዲት መስመር አላሳገደም። ያሳገደው፣ ተነሥቶ «እኔ አጨብጭቤአለሁ» ያለው ሰው ነው። ንስሐ ማለት ይህ ነው፤ ነበርኩ ማለት።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ፊት ለፊታችሁ ይመጣል። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ነበርኩ በሉት።

የኩባንያው ውሳኔ በዚያው ሳምንት ታገደ። ገና ሲደርስ አከራዩ፣ ደባልቄን ዋስ አድርጎ፣ ለባንቺአየሁ ጊዜ ሰጣት። በጥር ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ደባልቄን የወከለው ሰው አልነበረም። ባንቺአየሁ ራሷ መጥታ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች፤ ያው ውሳኔ ቀርቦ የሚቃወም እጁን ያውጣ ሲባል እጇን አወጣች፤ ተቆጠረች።