የጨው አደራ

አንድ ጨው ነጋዴ ነበረ፤ ስሙ ይመር። አሞሌ ጨው በግመል ጭኖ ይመጣና ደረቅ ወንዝ ውስጥ በሚቆም ገበያ ይሸጥ ነበር። «ገበያ ወንዝ ውስጥ ይቆማል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይቆማል። በዚያ አገር ግራ ቀኙ ድንጋይና ገደል ነው፤ ሜዳ የሚባለው ወንዙ ጥሎት የሄደው አሸዋ ብቻ ነው። ወንዙ ደግሞ በዓመት ከአሥር ወር በላይ ጠብታ ውሃ የለበትም። አሸዋው ለስላሳ፣ የዳሩ ግራር ጥላ የሚሰጥ፣ መንገዱም ለአህያው ለግመሉ የቀና። ታዲያ ሰው እዚያ ቢገበይ ምን ይፈረድበታል?

ወንዙ ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። ዝናቡ የሚዘንበው ሩቅ ደጋ ላይ ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ አናት እየበሳ ሳለ፣ እዚያ የዘነበው ከየገደሉ ተሰብስቦ ድንገት ከች ይላል። ደራሽ ጎርፍ የሚሉት ይኸንኑ ነው። ልብ በሉ፣ ሰማይ አንጋጦ የሚያውቀው የለም። የሚያስታውቀው ሌላ ነው፤ መሬቱ ከእግር ሥር ይርዳል፣ ጭቃ ጭቃ የሚል ቀዝቃዛ ነፋስ ወንዙን ይዞ ይወርዳል፣ አህያ ጆሮዋን ታቆማለች።

ይመር ይህን ሁሉ ከአባቱ ተምሮ ነበር። በመማሩም ነው ጉድ የሆነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የገበያ ቀን መሬቱ ሲርድ ተሰማውና ከመቀመጫው ተፈናጥሮ «ውሃ! ውሃ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ተተራመሰ። ቅቤ ተደፋ፣ እህል ተበተነ፣ ሰው በእጁም በእግሩም ዳገቱን ወጣ። ዳር ላይ ቆመው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ውሃ የለም። ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ ያለው ሁለት መቶ ግመል የሚነዳ ቅፍለት ነበር። ነጂዎቹ ዳገት ላይ የተሰቀለውን ሕዝብ አይተው «እነዚህ ምን ሆነዋል?» አሉ ይባላል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይመር የሚለው ስም ቀረ፤ ጎርፌ ተባለ። የገበያው ልጃገረዶችም ግጥም አወጡለት፦

ይመር ጎርፍ አለ ሰማዩ ጠርቶ፣
ገበያው ሸሸ ሸቀጡን ትቶ።

«ጎርፌ፣ ዛሬስ ውሃው የት ደረሰ?» ይለዋል አላፊው።

«መንገድ ላይ ነው፤ ግመል አጥቶ ነው የዘገየው» ይላል እሱም እየሳቀ። ይሳቅ እንጂ ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም ነበር። ቤቱ ሲገባ ያቺ ግጥም ጆሮው ውስጥ ተቀምጣ ታድራለች።

ከጎኑ ጦይባ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትቀመጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሸጠዋል። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ እሱ «እታለም» ይላታል፣ እሷ እንደ ሰዉ «ጎርፌ» ትለዋለች፣ ግን ከሷ አፍ ሲወጣ ብዙም አይጎረብጠውም። እሷ ስትነሳ እሱ ሸክላዋን ያያል፤ እሱ ሲነሳ እሷ ጨዉን ታያለች። እስከዛሬ አንድ ስንጥር አልጠፋም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ጦይባ እንስራዋ እንደማያፈስ ለገዢ ልታሳይ እስከ አፉ ውሃ ሞላችው። ውሃው አልረጋም። ሳይነኩት ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንተ ጎርፌ፣ ይኼ ውሃ ይርዳል ወይስ ዓይኔ ነው?»

ይመር አየ። ወዲያው ነፋሱ ማጅራቱን ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ይላል። አወቀ። ግመል እንዲህ ያለ ነፋስ እንደሌለው ያውቃል። ጩኸቱ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ቀና ሲል ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቷል። ዝቅ ሲል ደግሞ ዓይን በዓይን ሆነ። ሥጋ ሻጩ ሰይድ ቢላዋውን አንስቶ ቆሟል፤ እህል ሻጯ ቁናዋን ይዛ ቀርታለች። ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው።

«ሊስቁብኝ ተሰናድተዋል» አለ በልቡ። ጩኸቱን እንደ ምራቅ ዋጠው።

«ዓይንሽ ነው እታለም። ዕድሜ ነው እንግዲህ።»

«ዕድሜ ይብላህ!» ብላ ሳቀች። ሰይድም ቢላዋውን አሳረፈ። ቁናዋም ወደ እህሉ ተመለሰች።

ይመር ግን መጮህም መቀመጥም አልቻለም። ጥቂት ቆየና ወገቡን እያፍታታ፣ እያዛጋ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ሽንቴን ሸንቼ ልመለስ። ጨዌን እይልኝ እታለም፣ አደራ።»

«ሂድ፤ እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል!»

ሄደ። እንዳይሮጥ ራሱን ያዘ። በየእርምጃው የሚያስበው ይህን ነበር፦ «ከመጣ ድኛለሁ። ካልመጣ ሸንቼ ተመለስኩ። ማን ያውቅብኛል?»

ዳገቱን ወጥቶ የመጀመሪያውን ቋጥኝ እንደያዘ ወንዙ አገሣ። ዞሮ አየ። መታጠፊያው ላይ ዛፍ ከነሥሩ የተሸከመ ቡናማ ግድግዳ ቆሟል፤ አልቆመም፣ ይመጣል። ያን ጊዜ ጮኸ። በሁለት ዓመት ያፈነውን ሁሉ ጮኸ። ሰዉ ብድግ ብሎ ሮጠ፤ ያልወደቀ የለም፣ ወድቆም ያልተነሳ የለም። ጦይባም ነጠላዋን አንስታ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ነበር። ከዚያ ዘወር አለች፤ ጨዉን አየች። ተመለሰች። ጎንበስ ብላ አሞሌውን ነጠላዋ ውስጥ ትከት ጀመር።

«ተይው! ጨዉን ተይው! እታለም!»

ድምፁን ውሃው በላው። ቀጥሎ እሷንም ወሰዳት።

ሲመሽ ጎርፉ ጎደለ። ብዙ ከብት ሞቷል፤ ከሰው የጎደለችው ጦይባ ብቻ ነበረች። ወንዙን ተከትለው ወረዱ። ታች አንድ ግራር ቅርንጫፍ መሐል ተሰክታ አገኟት፤ ቀኝ እግሯ ከቅልጥሟ ተሰብሯል፣ ትንፋሽ ግን አላት። አውርደው ሲያስቀምጧት ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ውስጡ አንዲት አሞሌ ነበረች፤ ውሃው ልሷት እንደ አለቀ ሳሙና ቀጥናለች።

«ወንድሜ» አለችው ለይመር፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ያተረፍኩልህ ይቺን ብቻ ነው። አደራህን አልጠበቅኩም። አፉ በለኝ።»

ይመር አሞሌዋን ተቀበለ። ሰይድ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

«አይ ጎርፌ! ዛሬ ደግሞ ዘገየህ። መሬቱ ሲርድ እኮ ሁላችንም ሰምተናል። አንተን ብናይህ ታዛጋለህ፤ ጎርፌ ካዛጋ ምንም የለም ብለን ተቀመጥን።»

ሰይድ ለነገር አልነበረም ያለው። ግን ይመር እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ዓይን ሊስቅበት ሳይሆን ሊሰማው ይጠብቅ እንደነበረ ገና አሁን ገባው።

ሦስት ገበያ ሳይመጣ ቀረ። በአራተኛው ወደ ጦይባ ቤት ሄደ። ወጌሻ እግሯን በሽመል አስሮላት ተጋድማለች። ቁጭ አለ፤ ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም።

«እታለም፣ ያን ዕለት ሽንቴ አልመጣም ነበር።»

«አውቀህ ነው የሄድከው?» አለችው።

«አውቄ ነው።»

«በጆሮዬ እንኳ አትለኝም? ለገበያው አትጩህ እሺ፤ ለኔ?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

ጦይባ የታሰረ እግሯን አየች።

«እስቅብህ ነበር» አለች። «ወላሂ፣ እስቅብህ ነበር። ግን እየሳቅኩም ቢሆን እሮጥ ነበር፣ ይመር።»

በሁለት ዓመት ውስጥ በስሙ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጎርፌ ብትለው በወደደ።

በሚቀጥለው ገበያ ይመር መሐል ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ማዛጋቱን፣ ሽንቱን፣ አደራውን። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ግን ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲያ መሬቱ በራደ ቁጥር ይጮሃል። አንዳንዴ ውሃ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግመል ነው። ሰዉ ሸቀጡን ጥሎ ዳገቱን ይወጣል፣ እየሳቀ ይወርዳል። ጦይባ ከሽመሉ በኋላም እግሯ ስላልቀናላት ይመር በጀርባው ተሸክሟት ነው የሚወጣው። «ጎርፌ፣ ዛሬም ግመል ከሆነ እዚሁ ጀርባህ ላይ ነው የምውለው!» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ሳቋን እየሰማ፣ ያቺ የተጣመመች እግር ከጎኑ ስትወዛወዝ እያየ ይወጣል። ያቺን የቀጠነች አሞሌ እስከዛሬ አልሸጣትም፣ አልቀመሳትምም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አደጋ ሲመጣ ሰው ቀድሞ የሚያየው የጎረቤቱን ፊት ነው። ጎረቤቱም የሱን ፊት ያያል። ሁለቱም እንዳይሳቅባቸው ፊታቸውን ካረጋጉ፣ አንዱ የሌላውን መረጋጋት እውነት ነው ብሎ ይቀመጣል፤ ውሃውም ሁለቱን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ዝም ያለ ሰው ምንም አላደረግኩም ይላል። አድርጓል፤ «ደህና ነው» ብሎ በፊቱ ተናግሯል። በከንቱ ጮኾ የተሳቀበት ሰው ኀፍረቱ አንድ ሰሞን ነው። ዝም ብሎ በሰበብ የወጣ ግን ኀፍረቱን በጀርባው ተሸክሞ ይኖራል። ዕቃማ ምን አለው፤ በዚያች ሰዓት አደራ ሰው ነው።

ጭስ ሲሸታችሁ፣ መሬት ሲርድ፣ ልባችሁ «ተነስ» ሲላችሁ፣ ከመጮህ ያስቀራችሁ የማን ሳቅ ነው? ከጎናችሁ የተቀመጠውንስ ምን አደራ ብላችሁት ነው የወጣችሁት?