ዘበኛውን ነዶ ማን በላው?

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ ዛሬስ የላም አይደለም። የአሳማ በረት በሉ።
፦ የአሳማ በረት!
፦ እሰይ! አፍንጫችሁን አትያዙ፤ እኛ የማንበላውን የሚበላ አገር ሞልቷል። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ እንግሊዝ በሚባል ዝናባም አገር፣ ኬዚያ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ኢኖስ ይባላል። የራሳቸው መሬት የላቸውም። ኢኖስ የጌታ ትሪንደርን መሬት ያርሳል፣ ያጭዳል። የሚኖሩባትም ጎጆ የጌታ ትሪንደር ናት። ጌታው ውጡ ካለ መውጣት ነው። ልጆቻቸው ደግሞ እንደ እናንተው ናቸው፤ ሲበሉ እንጂ ሲጠግቡ አይታዩም።

በዚያ አገር አጨዳ ሲያልቅ ድሆች ሴቶች ከነልጆቻቸው ማሳ ገብተው የወደቀውን ስንዴ ይቃርማሉ። የብርዱን ወራት የሚሻገሩት በዚያ ቃርሚያ ነው። ግን ሕግ አለው። ባለመሬቱ ከማሳው መካከል አንድ ነዶ አቁሞ ይተዋል። ዘበኛ ነዶ ይሉታል። እሱ ቆሞ ሳለ ማንም እግሩን አያስገባም። ነዶው ሲነሣ፣ ሴቶቹ የመረጧት የቃርሚያ ንግሥት ደወል ትደውላለች፤ ከዚያም ሁሉም ይገባል። የዚያ ዓመት ንግሥት ኬዚያ ነበረች። ንግሥት ስላችሁ ዘውድ የጫነች እንዳይመስላችሁ፤ ሹመቷ ደወሏ ብቻ ነበር።

ጌታ ትሪንደር ደግሞ ስስቱ ለጉድ ነው። ስንዴው ሁሉ ጎተራ ገባ፤ ነዶው ግን አልተነሣም። ኬዚያ ሄደችና እጅ ነሣች።

፦ ጌታዬ፣ ነዶውን ያንሡልን። ዝናብ ከቀደመን ፍሬው መሬት ላይ ይበቅላል።
፦ ነገ ይነሣል።

በማግሥቱ ሄደች። ነገ አላት። ደግማ ሄደች። አሁንም ነገ አላት። የዚያ ሰው ነገ ማለቂያ አልነበረውም። ለካስ አሳማዎቹን ማሳው ላይ ሊያሰማራ ኖሯል! ኢኖስ ነው ሰምቶ የነገራት። አሳማ የቃርሚያ ሕግ አያውቅም፤ ፍሬውን በልቶ ይሰባል፣ ለሴቶቹም ገለባ ይተርፋል።

የኬዚያ ጎረቤት ታቢታ መጣችና በጆሮዋ አንሾካሾከች።

፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ንግሥታችን አይደለሽ? ተደብቀሽ ነዶውን አንሺውና ደውይ!
፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እጄ ከነካው ጎጆዬን ያስለቅቀኛል። ልጆቼን የት ላስገባቸው?

ኬዚያ አሰበች፣ አሰበችና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ጌታውን ጠየቀችው።

፦ ጌታዬ፣ ነዶው ከሌለ መግባት እንችላለን?
፦ ከሌለማ ግቡ! ሕግ ነው። ግን የሰው እጅ ከነካው ወዮልሽ!
፦ የሰው እጅስ አይነካውም፤ አለችና ሄደች።

ሰኞ ጌታ ትሪንደር አሳማዎቹን አስወጣና ኢኖስን ጠባቂ አደረገው።

፦ ስማ! እንዳትመታቸው። እንዳትጮህባቸው። አሳማ ከደነገጠ ይከሳል። እንደ ልባቸው ይብሉ።

ኢኖስ የዋህ ነው። ቁም ካሉት በዝናብም ይቆማል። አሳማዎቹ ጥቂት ፍሬ ለቀሙ። ከዚያም አንዲት ትልቅ እናት አሳማ ቀና ስትል ነዶውን አየች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሙሉ ገበታ ቀርቦላችሁ ፍርፋሪ ትለቅማላችሁ? እሷም አልለቀመች። ነዶውን በአፍንጫዋ ገፋችና ጣለችው። ሌሎቹም ተከተሏት።

ኢኖስ ወደ አጥሩ ሮጠ። ኬዚያ ደወሏን በሽርጧ ሸፍና ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

፦ ኬዚያ! ነዶውን እየበሉት ነው! ልከልክላቸው?
፦ ጌታህ ምን ብሎሃል?
፦ አትምታ፣ አትጩህ፣ እንደ ልባቸው ይብሉ ብሎኛል።
፦ ታዲያ የጌታህን ትእዛዝ ልታፈርስ ነው? አርፈህ ቁም!

ኢኖስም አርፎ ቆመ። የነዶው ማሰሪያ እንኳ አልቀረም። ያኔ ኬዚያ ደወሏን አወጣችና ደወለች። ምን መደወል! ሴቶቹ ከነልጆቻቸው እንደ ጎርፍ ገቡ። አሳማዎቹ ጠግበው ተዘርረው ነበርና ሴቶቹ እየተራመዷቸው ቃረሙ።

ጌታ ትሪንደር ምሳውን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

፦ ነዶዬን ማን አነሣው? የማን እጅ ነው?
፦ እጅ የለበትም ጌታዬ፤ የራስዎ አሳማዎች ናቸው፤ አለች ኬዚያ፣ እጅ ነሥታ።
፦ ኢኖስ! አንተ ቆመህ ታያለህ?
፦ አልመታሁም፣ አልጮህኩም ጌታዬ። አንዳቸውም አልደነገጡም።

ጌታው ሴቶቹን ማስወጣት አልቻለም፤ ቃሉን የሰጠው በሰው ሁሉ ፊት ነው። ማምሻውን ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ስንዴው ግን ከየጎጆው ገብቶ ነበር። የኬዚያ ልጆች ያን የብርድ ወራት ዳቦ እየገመጡ ከረሙ። እኔም ይህን በተረትሁ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

በሚቀጥለው ዓመት ጌታ ትሪንደር ምን አደረገ መሰላችሁ? የመጨረሻው የስንዴ ጋሪ ገና ከማሳው ሳይወጣ ነዶውን በገዛ ጫንቃው ተሸክሞ እየሮጠ ወጣ። ከዚያም ኬዚያን፦ ደውይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? አላት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በለስላሳ ዳቦ አብሱ። ቆሎ ግን እንዳታመጡብኝ፤ በምን ጥርሴ!