የዘርጋው ወዳጅ ነኝ ያለው ሰው

የአንድ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ ወደ መምህሩ መጥቶ፣ «የኔታ፣ ለሟቾቻችን መታሰቢያ በተሰበሰብን ቁጥር የማናውቀው ሰው ብቅ እያለ ‹ወዳጄ ነበር› ይላል። እውነተኛውን ከአስመሳዩ በምን ልለየው?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩም እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱትና ይህን ነገሩት።

ከመሬት በታች ሠርቶ ያረጀ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ጓንጉል ይባላል። በጉብዝናው ዘመን ከአገሩ ወጥቶ፣ በስተደቡብ ርቆ በሚገኝ አገር፣ በአንድ የመዳብ ማዕድን ማውጫ ተቀጠረ። ማዕድኑ ከየአገሩ ሰው ይቀጥር ስለነበር ከእኛም አገር ብዙዎች ሄደው ነበር፤ መካኒክ፣ አናጢ፣ ሾፌር፣ ወጥ ሠሪ ሳይቀር። በባዕድ ምድር የራሳቸውን ሰፈር ሠርተው ይኖሩ ነበር። በበዓል አብረው ያርዳሉ፤ ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፤ ሰው ሲሞትባቸው አብረው ይቀብራሉ።

የጓንጉል ሥራ ጣራ መመርመር ነበር። ሌሎቹ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዳቸው በፊት ቀድሞ ይገባና የዋሻውን ጣራ በብረት ዘንግ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። አለቱ ጥኑ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ከተሰነጠቀ ግን እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። ያን ጊዜ ሰዉን ሁሉ ይመልሳል። አለቆቹ ቢቆጡ፣ ጓደኞቹ «ትናንት ደኅና ነበር እኮ» ቢሉት፣ አይሰማም። ባለማመኑ ብዙ ሰው ከሞት ተርፏል። ስለዚህ መጠርጠር ለእሱ ነውር አልነበረም፤ እንጀራው ነበር።

የቅርብ ወዳጁ ዘርጋው ይባላል። ዘርጋው አለት የሚሰብር ሰው ነበረ፤ ጓንጉል መርምሮ «ግባ» ሲለው ብቻ ነበር የሚገባው። ማዕድኑ እየሳሳ መጥቶ ሠራተኛው በየተራ ሲሰናበት ጓንጉል ቀድሞ ወደ አገሩ ገባ። ዘርጋው ግን «ጥቂት ልጨምርና እመጣለሁ» ብሎ ቀረ። አልመጣም። ቆይቶ፣ «ዘርጋው በሰላም ዐረፈ፤ እዚያው ተቀበረ» የሚል ወሬ ደረሰ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እስከ መጨረሻው ከቆዩት ጥቂቶች ከፊሉ ሞተዋል፤ ከፊሉም ወደ ሌላ አገር ተሻግረዋል።

የተመለሱት በአንድ ከተማ ተቀራርበው ኖሩ። አገሬው «የመዳቡ ሰዎች» ይላቸዋል። በየዓመቱ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ያስጸልያሉ፤ ከዚያ ከአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ዝክር ይቀምሳሉ። ሟቾቻቸው ሩቅ አገር ስለተቀበሩ የሚጎበኙት መቃብር የላቸውም። ስለዚህ አንድ በአንድ እየተነሡ ስለ ሟች ወዳጃቸው ይናገራሉ። ስለ ዘርጋው የሚናገረው ሁልጊዜ ጓንጉል ነው። ዘርጋው እንዴት ደፋር እንደነበረ፣ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው በሰላም እንደሞተ ይናገራል። ቃሉን ከመደጋገሙ የተነሣ የዘርጋው ሚስት ወይዘሮ አልጋነሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተለው ነበር።

አንድ ጊዜ «እኔም የመዳቡ ሰው ነኝ» የሚል ሰው መጥቶ በላ፣ ጠጣ፣ አብሯቸው አለቀሰ፤ ከዚያ የአንዲትን መበለት የጋብቻ ቀለበት ይዞ ጠፋ። ጓንጉል «ነግሬያችሁ ነበር» አለ። በእውነትም ነግሯቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይሾመው የማኅበሩ በር ጠባቂ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝክሩ በወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ዋለ። ሰዉ ተቀምጦ ሳለ ፀጉሩ ገና ሽበት የጀመረው አንድ እንግዳ ቆቡን በእጁ ይዞ ከበሩ ቆመ። «ከመዳቡ ነኝ» አለ። «የዘርጋው ወዳጅ ነበርኩ። ዛሬ እንደምትሰበሰቡ ሰምቼ ነው።»

ቦታ ለቀቁለት። ጓንጉል ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም። እንግዳው ጥቂት ሲቀምስ ‹ለመብል እንዳልመጣ ሊያሳየን ነው› አለ በልቡ። ባልቴቶቹ «ብላ እንጂ» ብለው ሲያጎርሱት እሺ ብሎ ሲቀበል ደግሞ ‹ለዚሁ ነው የመጣው› አለ።

«መቼ ነበር የነበርከው?» ብሎ ጠየቀው።

«እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው የገባሁት ጋሼ። ጉድጓዱ ውኃ ማቆር ሲጀምር ፓምፕ ላይ ቀጠሩኝ።»

‹ምስክር የሌለበትን ዘመን መረጠ› አለ ጓንጉል። ይህን እያሰበ ሳለ እንግዳው ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ጠጋ ብሎ በዝግታ ሲናገር ሰማው። «እትዬ፣ ብቻዎን የማገኝዎት መቼ ነው?»

ጓንጉል ደሙ ፈላ። መበለት ናት፤ ቤት አላት፤ ጠባቂ የላትም። ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? ስለ ዘርጋው የሚናገርበት ተራ ሲደርስ ተነሣ፤ የተለመደውን ተናገረ፤ በመጨረሻው ላይ ግን ከዚያ በፊት ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ጨመረ።

«እሑድ እሑድ ደግሞ ክራሩን ይዞ ከደጃፉ ሲቀመጥ ሰፈሩ በሙሉ ይከበው ነበር። አንተም ትዝ ይልሃል አይደል፣ ወንድሜ?»

የመዳቡ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ዘርጋው በዕድሜው ክራር ነክቶ አያውቅም።

እንግዳው ቀና ብሎ ጓንጉልን ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱን አየ፤ ዱላውን የያዘውን የሚንቀጠቀጥ እጁን አየ። ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አደረገ።

«አዎን ጋሼ፣ ትዝ ይለኛል» አለ። «ጥሩ እጅ ነበረው።»

«ያዝኩህ!» ብሎ ጓንጉል በዱላው ወለሉን መታ። «ዘርጋው ክራር የሚባል ነገር አያውቅም! ሰዎች፣ ይህ ሰው ውሸታም ነው። ዘርጋውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም!»

ቤቱ ተናወጠ። አንዱ የጠፋውን ቀለበት ነገር አነሣ። ሌላው እንግዳውን ክንዱን ይዞ ከመቀመጫው አስነሣው። እንግዳው አልተከራከረም። ለወይዘሮ አልጋነሽ ጎንበስ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለና ቆቡን ይዞ ወጣ። ጓንጉል ተቀመጠ። ድሮ የተሰነጠቀ አለት አግኝቶ ሰዉን የመለሰ ዕለት እንደሚሰማው ዓይነት ደስታ ተሰማው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወይዘሮ አልጋነሽ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። ጓንጉል ምስጋና ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን ጀርባዋን እንደ ሰጠችው፣

«ጋሼ፣ ባሌ እኮ ክራር አይመታም ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ?»

«ልይዘው ብዬ ነዋ!»

ብርጭቆውን አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችው። «ስለዚህ ዛሬ በባሌ ዝክር ላይ መጀመሪያ የዋሸው ማን ነው?» አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ጓንጉል ተቆጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ‹እሷን ላድን ብዬ!› አለ። ነገር ግን የእንግዳው አስተያየት ከዓይኑ አልጠፋ አለው። የተያዘ ሰው ይደነግጣል፤ ያ ሰው አልደነገጠም። ‹መልስ ከመስጠቱ በፊት ስለ ምን ቆየ? እጄንስ ለምን አየው?› አለ በልቡ። በማግስቱ ጠዋት ዱላውን ይዞ ወጣ። ለራሱ «ሌብነቱን ላረጋግጥ ነው» ብሎ ነበር። እየጠየቀ ሲሄድ እንግዳው እህል በረንዳው አጠገብ ከእህቱ ቤት እንዳረፈ ነገሩት። ሲደርስ ሻንጣውን እያሰረ አገኘው።

ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም። «የክራሩን ነገር ለምን አዎን አልክ?» አለው።

እንግዳው መጀመሪያ በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠው። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ዘርጋው ክራር እንደማይመታ አውቃለሁ» አለ። «ዘፈን የሚባል ነገር ያናድደው ነበር። እርስዎ ሲናገሩ ግን ዕድሜ ነገር ያቀላቀለብዎት መሰለኝ። እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት፣ በወዳጅዎ ዝክር ላይ፣ ‹ተሳስተዋል› ብዬ ላዋርድዎት? አንዲት ክራር ብትጨመርለት ዘርጋውን ምን ይጎዳዋል ብዬ አዎን አልኩ።»

ጓንጉል በነገሩ ውስጥ ስንጥቅ ፈለገ። ደግሞ ደጋግሞ በልቡ መታው። ይህንን መልስ በዚህች ሌሊት ሊፈጥረው ይችላል፤ አለመፍጠሩን የሚያሳይ ነገር የለም።

«ለአልጋነሽ ብቻዋን ምን ልትነግራት ነበር?»

«የመጣሁበትን ነው። ግን ለእሷ እንጂ ለሌላ አልናገረውም።»

«እንግዲያው ሄደህ ንገራት።»

«ከትናንት በኋላ እንዴት ብዬ እዚያ ቤት እገባለሁ ጋሼ?»

ጓንጉል ተነሥቶ የሰውየውን ሻንጣ አነሣና በራሱ ትከሻ አደረገው። እንግዳው ሊቀማው ታገለ፤ አልሰጥም አለ። በሌላው እጁ ክንዱን ይዞ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው በገበያው መካከል ይዞት አለፈ። በመንገድ ላይ ትናንት በዝክሩ የነበሩትን በየደጃፋቸው እየጠራ «ኑ ተከተሉኝ» አላቸው። ከወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ሲደርሱ በሁሉም ፊት፣ «ክራሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሰው ሳልጠይቀው ነው የፈረድኩበት። ይቅር በሉኝ» አለ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «የሚነግርሽ ነገር አለው። ብንወጣ ትወጃለሽ?» አላት።

«እዚሁ ይንገረኝ» አለች። «በሰው ፊት የተዋረደ በሰው ፊት ይናገር።»

እንግዳውም ተናገረ። የዘርጋው ደረት በአለት ብናኝ ተሞልቶ ነበር አለ። በመጨረሻ ጊዜ ጋደም ሲል ይታፈን ስለነበር ተቀምጦ ነበር የሚያድረው።

«በሰላም አልሞተም፣ እትዬ» አለ። «ፈርቶ ነበር። በጣም ፈርቶ ነበር። ከሥራ ስመለስ ‹አትሂድብኝ› ይለኛል። አልጋው ላይ ጀርባችንን አደጋግፈን እንቀመጥ ነበር፤ እንዲያ ሲሆን ትንሽ ይተነፍሳል። ስምዎን ይጠራል፣ ይቆጣል፣ ያለቅሳል። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ክብደቱ በረታብኝ። ዞሬ አላየሁትም፤ ጥቂት እንደዚያው ተሸክሜው ቆየሁ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። «ብቻውን አልነበረማ» አለች። «ብቻውን አልነበረማ!» በየዓመቱ በዝክሩ ስታለቅስ የሚያውቋት ሰዎች ያን ዕለት ያለቀሰችው ሌላ ለቅሶ ነበር ይላሉ።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ግን ወደ ጓንጉል ጠጋ ብሎ፣ «ይህስ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለው። ሁሉም ጓንጉልን አዩት።

«አላውቅም» አለ ጓንጉል። «የሚያታልል ሰው ግን ለመበለት ‹ባልሽ እየፈራ ሞተ› ብሎ አይመጣም፤ የሚያምር ነገር ይዞ ይመጣል። የሚያምረውን በየዓመቱ ስነግራችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እዚያ አልነበርኩም።»

መምህሩ ይህን ነግረው ሲያበቁ ወደ ማኅበሩ ሙሴ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ አስመሳዩን በምን ልለየው አልከኝ። መጠርጠርህን አልነቅፍም፤ ሌባ እንዳለ አንተም እኔም እናውቃለን። እንግዳ ሲመጣብህ ጠይቅ። የሚጠይቅ ሰው መልሱን ገና አያውቅም፤ ለመስማት ጆሮው ክፍት ነው። የሚያጠምድ ሰው ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ የሚጠብቀው ፍርዱ የሚፈጸምበትን ሰዓት ብቻ ነው። ጓንጉል ‹ዘርጋው እንዴት ሞተ?› ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያንኑ ዕለት ይሰማ ነበር። እሱ ግን ወዳጁን ማንም ከእኔ በላይ አያውቀውም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይዞት የመጣው ዘርጋው ከበር ሊመለስ ምንም አልቀረውም። የአንተም ሟቾች እንደዚሁ ናቸው። አንተ ሳትኖር ያለፉበት ሰዓት አለ፤ ያንን ሰዓት የያዘው ሰው ደግሞ የማታውቀው ሰው ነው። ብታውቀው ኖሮ አንተም ሰዓቱን ታውቀው ነበር።»

ሙሴውም፣ «የኔታ፣ ጓንጉል በኋላ ሰውየውን አመነው?» አለ።

መምህሩ ፈገግ አሉ። «እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በጎን ያየው ነበር ይላሉ» አሉ። «ዝክር በመጣ ቁጥር ግን ነጠላውን ዘርግቶ ከጎኑ ቦታ የሚይዝለት እሱ ነበር።»