ፊታውራሪ ሲቆሙ የሚያጋድለው ታንኳ

ፊታውራሪ ድልነሳሁ ቤተሰባቸውን ይዘው ጣና ላይ ሽርሽር ሊውሉ ፈለጉና፣ ጠንካራና የማይናወጥ ታንኳ ሊመርጡ ወደ አንዲት ታንኳ ሻጭ ሄዱ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ሻጯ ለሙከራ ባቀረበችው ታንኳ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እሳቸው ግን ከልጆች እኩል መቀመጥ ክብራቸውን የሚነካ መሰላቸውና ጥላቸውን ዘርግተው መሐል ላይ ቆሙ። ታንኳው አጋደለ፤ ልጆቹ ጮኹ። ሌላ ቀረበላቸው፤ እሱም አጋደለ። በሦስተኛው ጥላቸው ውሃ ውስጥ ገባ።

ፊታውራሪ ተቆጡ። «ሚስቴ ስትገባ ዝም ያለ ታንኳ እኔ ስቆም ለምን ያጋድላል? ምክንያቱን ካልነገርሽኝ ታንኳሽን በሙሉ አስቃጥለዋለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ «ጌታዬ፣ እሱም እኮ እጅ እየነሳ ነው። እርስዎ ቆመው እንዴት ቀና ይበል? እባክዎ ይቀመጡለትና ወገቡን ያሳርፍ» አለቻቸው።

ፊታውራሪም ለታንኳው አዘኑለትና ተቀመጡ።