አሳየኝ ምንጭ

በሐረግ አምባ ከተማ ግርጌ፣ የገበያው ቁልቁለት ባለቀበት ቦታ፣ ከጥቁር ዓለት ሥር የሚፈልቅ አንድ ምንጭ አለ፤ ስሙም አሳየኝ ይባላል። በዚያች ከተማ ባለጸጋም ሆነ ድኃ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፍሮ ወዲያው አይጠቀምበትም። መጀመሪያ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ በጉድጓዱ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ምንጩ ዳር ይቀመጥና ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ውሃውን ሲያይ ይውላል። ሳቅ የለም፣ ጨዋታ የለም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከውሃው ያርቃሉ። የጤና ባለሙያዎች መጥተው ሌላ ዘዴ እንዳለ ቢያስረዱም ሰዉ በትሕትና ያዳምጥና ቀለሙን ያፈስሳል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ከሽማግሎቹ የሚያገኘው መልስ የደብሪቱ ታሪክ ነው።

እንደሚነገረው፣ በደብሪቱ ዘመን ሐረግ አምባን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከመልእክተኞች ጋር ባሕር ተሻግረው፣ ሁለት ዓመት ያህል ከአገር አገር ዞረው ሲመለሱ፣ ሰው ሁሉ ስለ መድፍና ስለ መርከብ ይነግሩናል ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ስለ መጸዳጃ ቤት ነበር ይባላል። በእስታንቡል ወለሉ እብነ በረድ ሆኖ መሐሉ የተበሳ፣ ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ የተቀረጸለት፣ አጠገቡ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያ የተቀመጠለት ክፍል አይተዋል። በሮማ ደግሞ ሰው እንደ ዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጸዳዳል፤ ሲጨርስ ሰንሰለት ይስባል፣ ውሃም ከላይ እየጮኸ ወርዶ ሁሉን ጠርጎ ይወስዳል፤ የሚጠራረጉትም በወረቀት ነው። ይህን ሲሰሙ አንድ ቄስ ደንግጠው፣ «የተጻፈበት ነው ወይስ ያልተጻፈበት?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

ፊታውራሪ የወደዱት የሮማውን ነበር። ነጩን የሸክላ መቀመጫ በጭድ አስጠቅልለው ከወደቡ በግመል አስመጡ፤ በጉብታው ላይ ባሠሩት አዲስ ቤት ውስጥ እንዲተክለውም ሳሊም የሚባል የየመን ግንበኛ አስጠሩ። ሳሊም እጁ የተባረከ፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው ነበር። ጣሪያው ላይ ለሚሰቀለው የቆርቆሮ በርሜል ከምንጩ ውሃ እያመላለሰች እንድትሞላ ደግሞ ደብሪቱ የምትባል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተቀጠረች። ደብሪቱ በእጅ ሥራዋ የታወቀች ሰፌድ ሰፊ ነበረች፤ ስንዱና ይመር የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሯት።

ደብሪቱ እንስራዋን አዝላ በደጅ ስትገባ፣ አንድ ቀን ሳሊም ፊታውራሪን ሲማጠን ሰማች።

«ጌታዬ፣ በእኛ አገር ቤቱ አምስት ፎቅ ነው። ደረቁ በአንድ መውረጃ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ እርጥቡ በሌላ በኩል በግድግዳው ወርዶ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሁለቱን አናገናኛቸውም። የሮማ ሰዎች ያገናኙታል፣ ግን በቧንቧ ሩቅ ይሸኙታል። እርስዎ ዘንድ የደረሰው ቧንቧ ሃያ ክንድ አይሞላም።»

«እንግዶቼ ለጥምቀት ይደርሳሉ፤» አሉ ፊታውራሪ። «ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍርና ጨርስ።»

ጉድጓዱ ሲቆፈር አራት ክንድ ላይ ጥቁር ዓለት ተገኘ፤ ዓለቱም ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ከስንጥቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣ ነበር ይባላል። ሳሊም ጠጠር ወርውሮ ጆሮውን ቢያስጠጋ፣ ሲወድቅ አልሰማም። ቆፋሪዎቹ ተያይተው አማተቡና ወጡ።

ጥምቀት አልፎ እንግዶቹ ነጩን መቀመጫ እያደነቁ ሄዱ። ደብሪቱ ግን ያንን ክፍል ፈራችው። ውሃ ከመሙላት ሌላ ማጽዳቱም የእርሷ ሥራ ነበርና፣ ሰንሰለቱን በሳበች ቁጥር ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር እንደ አውሬ ያገሣል፤ ከዚያ ይጎረጉራል፤ ከዚያ ሩቅ፣ ከእግሯ በታች፣ የሚውጥ ሰው ጉሮሮ የሚመስል ድምፅ ይሰማታል። ትንፋሿን ይዛ ትገባለች፣ ትንፋሿን ይዛ ትወጣለች። በክፍሉ ውስጥ ደስ የሚል ነገር ቢኖር ፊታውራሪ ከሮማ ያመጡት ሳሙና ነበር፤ የአበባም የሎሚም የሚመስል፣ በአገሩ የማይታወቅ ሽታ ነበረው። አሽከሮቹ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ፤ ወራት ቢያልፉም ጉድጓዱ አልሞላም። ይህን ያህል ውሃና ቆሻሻ ወርዶበት አንድ ስንዝር እንኳ ከፍ አላለም። «የሚበላው አለ፤» ተባባሉ።

በበልጉ ዝናብ ማግስት በሽታው ገባ። ማለዳ ሞፈር ተሸክሞ የወጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ስልቻ ተሸብሽቦ ይገኛል፤ ሆዱ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ምሽቱን አያይም። በመጀመሪያው ሳምንት ከምንጩ አጠገብ ያሉ ዘጠኝ ቤቶች ለቅሶ ተቀመጡ። በሁለተኛው ሳምንት ቀባሪ ጠፋ። የደብሪቱ ታናሽ ልጅ ይመር «ውሃ፣ እማ፣ ውሃ» እያለ ሞተ፤ እርሷም እስኪበቃው ከምንጩ ቀድታ አጠጥታው ነበር።

ያን ጊዜ ወሬው አንድ ሆነ። ዓረቡ ከባሕር ማዶ ጋኔን አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ አስሯል፤ ጋኔኑ በቆሻሻ አልጠግብ ብሎ ወደ ሰው ተሻግሯል ተባለ። የሠፈሩ ሽማግሌ አያ ይማም ነገሩ በመሐላ ይጣራ ብለው ለቅዳሜ ምንጩ ዳር ሰው ጠሩ። ወጣቶቹ ግን መሐላ እንደማይጠብቁ፣ ሳሊምን ወደ ጉድጓዱ ሊጥሉት እንደተማማሉ ይታወቅ ነበር። ፊታውራሪም አልከለከሉም።

ዓርብ ዕለት ደብሪቱ ምንጩ ላይ ለመቅዳት ጎንበስ ስትል እጇ ቀጥ አለ። በዓለቱ ከንፈር ላይ፣ ውሃው በሚወጣበት ቦታ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ አረፋ ተለጥፋለች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። የአበባና የሎሚ ሽታ ነበር።

ከዚያች ከተማ ያንን ሽታ የሚያውቁት ፊታውራሪና እርሷ ብቻ ነበሩ። እዚያው ቁጭ አለች። በየቀኑ ሰባት እንስራ ውሃ ከዚህ አዝላ ጉብታውን ትወጣለች፤ ውሃው በሰንሰለቱ ይወርዳል፣ ጉድጓዱ ይውጠዋል፤ ከዚያስ? ይመርን ያጠጣችውን አሰበች።

እንስራዋን እዚያው ጥላ ሳሊም ወደሚኖርበት ጎጆ ሮጠች። ሳሊም በሩን ከውስጥ በድንጋይ ዘግቶ ተቀምጦ ነበር።

«ወንድሜ ሳሊም፣ ጉድጓዱ የማይሞላው ወደ ምንጩ ስለሚሄድ ነው።»

ሳሊም ወደ በሩ ተጠጋ። «ጠጠሩን የጣልኩ ቀን ጠርጥሬ ነበር፤» አለ ከበሩ ወዲያ። «ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን ብናገር ነፍሱን ለማዳን ይዋሻል ይሉኛል። አንቺስ ብትናገሪ፣ እህቴ? ሕዝቡ የጌታውን ቆሻሻ ይጠጣል ልትዪ ነው?»

ይህን ስትሰማ የፊታውራሪ ጅራፍ ታወሳት። ባለፈው ዓመት አንድ አሽከር በፊታውራሪ አካሄድ ስለቀለደ ብቻ በገበያ መሐል ተገርፎ፣ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ መሄድ አልቻለም ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ስንዱ መደብ ላይ ተኝታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኘቻት።

ደብሪቱ ከዚያ በኋላ አልተማከረችም። ለስንዱ ሠርግ ሰፌድ ብላ ያስቀመጠችው የአለላ ማቅለሚያ ነበራት፤ ነጋዴ ከባሕር ማዶ የሚያመጣው፣ ቁንጥሩ አንድ ድስት ውሃ የሚያቀላ ዱቄት። ሁሉንም በሁለት እንስራ በጠበጠችው። ቅዳሜ ጀምበር ስትወጣ፣ የፊታውራሪ ቤት ሰው ጸሎት ላይ ሳለ፣ ወደዚያች ክፍል ገብታ ቀለሙን በነጩ መቀመጫ ውስጥ አፈሰሰችና ሰንሰለቱን ሳበች። ግድግዳው አገሣ። በርሜሉ ባዶ እስኪሆን ደጋግማ ሳበች። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ምንጩ ወረደች።

ረፋድ ላይ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሳሊምን እጁን ወደ ኋላ አስረው አመጡት። ፊታውራሪም በበቅሎ መጥተው ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ደብሪቱ ከውሃው ዓይኗን አላነሣችም። ውሃው ግን እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር። አያ ይማም መሐላውን ሲያስረዝሙ፣ ወጣቶቹ ሲያጉረመርሙ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ውሃው አልተለወጠም። ተሳስቼ ቢሆንስ ብላ አሰበች። ቀለሙ መሐል ላይ ጠፍቶ ቢሆንስ? ከንፈሯ ሳታውቀው «አሳየኝ፣ አሳየኝ» ይል ጀመር። ለፈጣሪ ነው የሚሉ አሉ፤ ለውሃው ነው የሚሉም አሉ። አጠገቧ የነበሩ ሰዎች ግን የሰሙት ይህንኑ አንድ ቃል ነበር ይባላል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ከዓለቱ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ወጣ። ክሩ ወፈረ። ጥቂት ቆይቶ ምንጩ በሙሉ ቀላ።

«ደም!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። «ምንጩ ደማ!»

ሰዉ ተተራመሰ። ገሚሱ ሸሸ፤ ወጣቶቹ ሳሊምን ከመሬት አንሥተው ወደ ጉብታው መጎተት ጀመሩ። ያን ጊዜ ደብሪቱ ዘልላ ከፊታቸው ቆመችና ነጠላዋን ጣለች። ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነበር።

«ደም አይደለም! የአለላ ቀለም ነው። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«የት ነው ያፈሰስሽው?» አሉ አያ ይማም።

ደብሪቱ ወደ ዋርካው ተመለከተች። ፊታውራሪ ከዋርካው ሥር ተነሥተው መጡ።

«ተጠይቀሻል፣ አንቺ ሴት።»

«ከቤትዎ ነው ጌታዬ፤» አለች። «ከነጩ መቀመጫ። ጀምበር ስትወጣ ሰንሰለቱን የሳብኩት ነው፣ ይኸው አሁን የደረሰው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽማግሎቹ ሲተርኩ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መጀመሪያ የገባቸው ሴቶቹ ነበሩ፤ አንዷ አፏን ይዛ ከምንጩ ዳር ተንበርክካ አስመለሰች፤ ሌላዋ የሞተ ልጇን ስም ጠራች። ወደ ፊታውራሪ ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ ግን አልነበረም። እርሳቸው ጎንበስ ብለው ቀዩን ውሃ በእፍኛቸው ጨለፉና አሸተቱት።

«ሳሙናዬ፤» አሉ። እርሳቸውም የሚጠጡት ከዚያው ምንጭ ነበር።

በዚያ ቅጽበት ደብሪቱን አስይዘው ነበር የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ራሳቸው የሳሊምን እጅ ፈቱ የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን በዚያው ዕለት ጉድጓዱ በኖራና በድንጋይ መደፈኑን፣ ነጩም መቀመጫ በመዶሻ መሰባበሩን ነው። ሕዝቡ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ወንዝ ውሃ እያመጣ ከረመ። በሽታው ጥቂት ሰው ጨምሮ ወሰደና ቆመ። ስንዱ ዳነች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቀጠነ ቀረ፣ ካገባችም በኋላ የሚያናግራት ሰው ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት ይባላል።

ሳሊም በአገሩ ዘዴ፣ ደረቁን ከእርጥቡ ለይቶ፣ ከጉብታው ማዶ ሌላ መጸዳጃ ሠራ። ቢሠራም ሰው ምንጩን አላመነውም። ደብሪቱ ሌላ ቀለም ገዝታ በአዲሱ መጸዳጃ አፈሰሰች፣ ከተማው በሙሉ ሁለት ቀን ተቀምጦ ጠበቀ። ውሃው ጠርቶ ዋለ። ያም ሆኖ የሚጠጣ ጠፋ። ያን ጊዜ ደብሪቱ በቅል ቀድታ ለፊታውራሪ በሁለት እጇ አቀረበች። ፊታውራሪ ቅሉን ተቀበሉ፣ ፊቶቹን ሁሉ ዞረው አዩ፣ ከዚያ ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን የሚያፈስሰው ከደብሪቱ ዘር የሆነች ሴት ናት፤ ቀድሞ የሚጠጣውም ቤቱን የሚያሠራው ሰው ነው።

በቅርብ ዓመታት አንድ ነጋዴ በጉብታው ላይ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አሠራ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት ነበረው። ስለ ቀለሙ ሲነገረው ስቆ፣ «እሺ፣ ባህላችሁ ከሆነ» አለ። ቀለሙ ፈሰሰ። ሰው ሥራውን ትቶ ምንጩ ዳር ተቀመጠ። ነጋዴው በመጀመሪያ ስልኩን እየነካካ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ እንደ ሌሎቹ ውሃውን ማየት ጀመረ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ውሃው አልቀላም፤ ቀለሙን ያፈሰሰችው ሴትም በቅል ቀድታ ሰጠችው። ቅሉን አፉ ድረስ አድርሶ ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ ቢያይ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ዓይኑን ከእርሱ ያነሣ አልነበረም።

ጠጣ። በጤና ማደሩ እስኪታይ፣ እስከ ማግስቱ ድረስ ግን ከዚያ ምንጭ ማንም አልቀዳም።