ዳገት ላይ የምትጠፋው ፒካፕ

በአንድ ወቅት፣ ዳገት በበዛበት አገር፣ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ሜዳ ላይ እንደ ልቧ ትሮጣለች፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ሞተሯ ድንገት ይጠፋል። ጥቂት ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። እያንዳንዱ ጋራዥ የቀድሞውን ሰድቦ ዕቃ ይቀይራል፤ ሕመሟ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባለቤቷ ሲሞት ለሦስት ልጆቹ ከእሷ ሌላ የእንጀራ ገመድ አልተወላቸውም። ታላቁ ወንድይፍራው ይነዳታል፣ አምሳለ እህል እየሰበሰበች ትጭንባታለች፣ ታናሹ ቀጸላ ይጠግናታል። ለሦስት አትበቃም። ሦስቱም ያውቃሉ፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

አንድ ቀን እናታቸውን ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታሉ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ መጣ።

«በቃሬዛ ግማሽ ቀን ነው፤ አትደርስም» ብሎ ወንድይፍራው መለሳቸው።

«በዚች ደግሞ ግማሽ መንገድ ነው» አለች አምሳለ። ቢሆንም ከቀጸላ ጋር ከኋላ ወጣች።

ዳገቱ መሃል፣ አንድ ጎኑ ገደል በሆነበት ጥምዝ ላይ ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ወንድይፍራው «ውረዱ» አለ፤ እሱ አልወረደም። እናቱ አጠገቡ ናት። ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋይ የሆነበትን ፍሬን በሁለት እግሩ ቆሞበት፣ የኋላ ጎማዎቹን በመሪው ከገደሉ አፍ መለሳቸው።

«አባታችሁ ከእኔ ይልቅ እሷን ይወድ ነበር» አለች እናቱ በተቆራረጠ ትንፋሽ። «ይኸው፣ ይዛኝ ልትሄድ ነው።»

አምሳለ ዘልላ ወረደች። ታኮ የሚሆን ድንጋይ አንስታ ከጎማው ሥር ደገፈች። መኪናዋ ቆመች፤ ድንጋዩ ግን የቀኝ እጇን ጣቶች ጨፈለቃቸው።

«ቀጸላ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? አስነሳት።»

ቀጸላ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ። የሚያውቀው ሁሉ አልቆበታል። ናፍጣ እንኳ መኖሩን ልይ ብሎ በንዴት የታንኩን ክዳን ነቀለ። ታንኩ አየር ስቦ እንደ ሰው ተነፈሰ። አባታቸው አቧራ እንዳይገባ ብሎ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዙሪያውን በላስቲክ አስሮት ኖሯል፤ አየር ያጣ ታንክ ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲጠይቀው ናፍጣውን አይለቅም። ቀጸላም ነዳጅ በተሞላ ቁጥር የአባቱ እጅ ሥራ ነው ብሎ ያንኑ ፌስታል መልሶ አጥብቆ ያስር ነበር። አሁን ወደ ገደሉ ጣለው።

«ሞክራት» አለ።

ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ጠፍታ አታውቅም።

ሆስፒታል ደርሰው የእናታቸው ትንፋሽ ሲመለስ፣ «መኪናዋ እዚህ ላደረሰኝ ትሁን» አለች።

«መሪውን ትቼ ብወርድ ኖሮ የምናወራው ሌላ ነበር» አለ ወንድይፍራው።

«ቃሬዛውን ማን መለሰው?» አለች አምሳለ።

«አንቺ በዚያ እጅ ልትነጃት ነው?» አላት ወንድይፍራው።

«በማን ምክንያት ነው የማልነዳው?»

«እኔ ባላገኘው ገና እዚያው ነበርን» አለ ቀጸላ።

«ስታስረው የኖርከውን ነው ያገኘኸው» አለው ወንድሙ።

እናታቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ መተንፈሱን ልቻል» አለች። «ፍርዱን ለሌላ ስጡት።»

ፍርዱ እንግዲህ እናንተ ላይ ወድቋል። ለሦስቱም ትሁን የሚል ካለ፣ ለሦስት አትበቃም ያልኩትን አልሰማም። ፒካፗ ለማን ትሁን? ላልወረደው፣ እጇን ለሰጠችው፣ ወይስ ያሰረውን ለፈታው?